ማኅደር ያልተሳፈረችበት ባቡር

መጽሐፍ ያስነጥሳል ብል የሚያምነኝ ሰው አላገኝም፤ እኔን ግን ዘንድሮ ወደ ዘንዘልማው ቤታችን ስንገባ አንድ አሮጌ መጽሐፍ እንባዬ እስኪወርድ አስነጥሶኛል። ዕቃው ሁሉ ገብቶ፣ ባለ ባጃጁ ተሸኝቶ፣ የአክስቴን የቆርቆሮ ሳጥን ከፍቼ ልብሷን በየቦታው ላስቀምጥ ስል ከሁሉም ሥር በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር እጄ ገባ፤ ፈትቼ ገለጥ ከማድረጌ አፍንጫዬን አቃጠለኝና አንድ ጊዜ፣ ደግሜም፣ ሠልሼም አስነጠስኩ። መጽሐፉ ሽፋን የለውም። የገጾቹ ጠርዝ ቀልቷል፤ ስፌቱ ውስጥ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን ተቀምጦ ኃይሉን ያላጣ የበርበሬ ብናኝ አለ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ በጆሮዋ የምትከታተለው አክስቴ እናኑ፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች፣ «ይማርሽ» እንኳ ሳትለኝ፣ «ማኅደርን አገኘሻት?» አለች።

አገኘኋት። ከእሷም ጋር ያ ግቢ፣ እነዚያ ሴቶችና ያ በጋ ተያይዘው መጡብኝ።

ያደግኩት ፋሲሎ ውስጥ፣ ማታ ማታ የሐይቁ ነፋስ በሚደርስበት ሰፈር፣ በእትዬ ዘሀራ ግቢ ነው። ባለቤቷ ሐጂ ከቡሬ በርበሬ፣ ከወረታ እህል እየጫኑ ሲመላለሱ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚኖሩ ግቢውን፣ ተከራዩንና የራሷን ልጆች፣ ሲያሻትም የሰፈሩን ሰው በሙሉ የምታስተዳድረው እትዬ ዘሀራ ነበረች። እኔና አክስቴ ከተከራዮቹ አንዱ ነን፤ በግቢው ጥግ ያለችው አንዲት ክፍል የእኛ ነበረች። ኅዳር ሲገባ ዛላ በርበሬው በጆንያ እየተጫነ ይመጣና በሰሌን ላይ፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ፣ ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ ይሰጣል፤ ግቢያችን ከአጥሩ ሥር እስከ ጣሪያው ቀይ ይለብሳል። ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጡ ልጆች ያስነጥሱ ስለነበር ስሜን ትተው «በርበሬ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ስም ከሌለው ሰው ይሻላል ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ዛላውን ይቀነጥሳሉ፤ ጭራውን ወደዚህ፣ በርበሬውን ወደዚያ። የልፋታቸውንም የዓመት በርበሬያቸውን ከዚያው ይዘው ይሄዳሉ። ሥራው ቀላል ነው፣ ብናኙ ግን ምሕረት አያውቅም። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ስትል፣ እሷም ተራዋን ስታስነጥስ ቀኑ በመማማር ብቻ ስለሚያልቅ አንድ ዘዴ ተበጀ፤ ቆብ የደፉት ጎረቤታችን እማሆይ ብርቄ ሥራው ሲጀመር አንድ ጊዜ «ሁላችንንም ይማረን» ይላሉ፣ እትዬ ዘሀራም «አሚን» ትላለች፣ ለቀኑ ይበቃል።

አክስቴ እናኑ የእናቴ ታናሽ ናት። እኔ «እታለም» ነበር የምላት፤ አሁንም እንደዚያው ነው። አባቴ ወታደር ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም፤ እናቴ ደግሞ እኔ ጥርሴን ሳልነቅል ታማ ሞተች፤ ስትሞትም «ልጄን ለማንም እንዳትሰጪብኝ» ብላ እህቷን አስምላታለች። ያን ጊዜ እታለም ገና ወጣት ነበረች፣ ፋብሪካ ውስጥ ሸማኔ፣ ጠጉሯ እስከ ወገቧ፣ ሳቋ ከሦስት ቤት የሚሰማ። የጠዋት ፈረቃ በደረሳት ሳምንት ከሰዓት ወደ በርበሬው ትመጣለች፤ መጣች ማለት ደግሞ ንባብ አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ከሴቶቹ ብዙዎቹ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቢለዩም እንደ እሷ፣ ሰው በሩን ከፍቶ የገባ እስኪመስል ድረስ የሚያነብ አልነበረም።

መጽሐፉ የመጣው ለንባብ አልነበረም። ሐጂ ለሱቃቸው መጠቅለያ ብለው ከገዙት የአሮጌ ወረቀት እስር ውስጥ ነበረ። እታለም ስታየው ሱቁ ሥራውን ጀምሮ፣ ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች በርበሬና ኮረሪማ ተጠቅሎባቸው ሄደው ነበር። በዚህ ምክንያት የመጽሐፉን ርእስም የደራሲውንም ስም ሳናውቅ ኖርን፤ የባለታሪኳ የማኅደር ልጅነትም በየጎረቤቱ ወጥ ቤት ተበትኖ ቀረ። እማሆይ ብርቄ አንድ ቀን ሩብ ገጽ ከቤታቸው አግኝተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲያመጡ የተደረገው ደስታ ትዝ ይለኛል፤ ሲነበብ ግን ማኅደር ገበያ ሄደች ከማለት በቀር ምንም አልነበረበትም።

የበርበሬ እጅ መጽሐፍ አይነካም። የእታለም ጣቶች እስከ አንጓቸው ቀይ ስለሚሆኑ መጽሐፉን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ከፊቷ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ጉልበቷ ላይ ደግፌ፣ ገጹን ለሁለታችንም በሚታይ ከፍታ እይዛለሁ። እሷ ከትከሻዬ በላይ እያየች፣ እጇ ከሥራው ሳይቦዝን፣ ታነባለች። ገጹ ሲያልቅ «ግለጪ» ትለኛለች፣ እገልጣለሁ። ማንበብን ፈጥኜ የተማርኩት ከመምህሬ ይልቅ በዚህ ነው፤ ድምፅዋን በጆሮዬ እየሰማሁ ፊደሉን በዓይኔ ስከተል አንድ ቀን ሁለቱ ገጠሙልኝ። ያን ለማንም አልተናገርኩም። «ግለጪ» ሳትለኝ ገጹ ማለቁን ማወቄ የራሴ ሀብት ሆኖልኝ ነበር።

ታሪኩ በሩቅ የባቡር ከተማ፣ በሞቃት አገር የሚሆን ነው። ማኅደር የሟች ወንድሟን ልጅ ታሳድጋለች፤ በዚህ መካከል አንድ የባቡር ሠራተኛ ትወዳለች፣ ይወዳታልም። ሰውየው ሥራው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር አብረን እንሂድ ይላታል፤ ልጁ ግን «ለጊዜው» ከዘመድ ዘንድ ይቆይ፣ ቤት ስንይዝ እናመጣዋለን ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። የማኅደር መከራም እዚያ ላይ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ምን ያስጨንቃታል? ልቧ ሂጂ ሲላት ኅሊናዋ የት ሲላት፣ ባቡሩም የሚነሣበት ቀን ሲቀርብ፣ ምዕራፍ ከምዕራፍ እየተጎተተች ትሄዳለች።

ሴቶቹ ባቡር አይተው አያውቁም፤ እማሆይ ብርቄማ በየሳምንቱ ወደ ጎርጎራ እንደሚሄደው መርከብ ነው የሚመስላቸው፤ «ይኸ ቢያመልጣት የሚቀጥለው ሳምንት የለም ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በማኅደር ጉዳይ ግን ሁሉም ዐዋቂ ነበሩ። የሚገርመው ክርክሩ እኔ ከጠበቅኩት የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እማሆይ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ትሂድ እንጂ! ምን ይሁን ብላ ነው የምትቀር? እኔ ቀርቸ አይቸዋለሁ» ይላሉ። እትዬ ዘሀራ ደግሞ እጇን ታማታለች፤ «ለጊዜው ብሎ ነገር ምንድን ነው? ልጅ ዕቃ ነው ጎረቤት የሚያኖሩት? ወላሂ እኔስ አልሄድም!»

«አንቺን ማን ነይ አለሽ?» ይላሉ እማሆይ፣ ግቢው በሳቅና በማስነጠስ ይደባለቃል።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። እኔ ለማኅደር የሚከራከሩ መስሎኝ ስንት ቀን ሰምቻለሁ። ጌታሁን የሚባል የጀልባ መካኒክ ነበር፤ ቁመናው መልካም፣ ልብሱ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ በደንገል ያንጠለጠለውን ቆሮሶ ዓሣ «ለልጅቷ ነው» ብሎ ደጃችን ላይ አስቀምጦ የሚሄድ። እኔም እወደው ነበር። አንድ እሁድ ገዳማቱ ድረስ በጀልባው ወስዶኝ መሪውን አስጨብጦኛል፤ ሐይቁ እንደዚያ ቀን ሰፍቶ ታይቶኝ አያውቅም። በዚያ በጋ ጌታሁን አሰብ ወደብ ላይ ሥራ አገኘ። እታለምን አግብቶ ሊወስዳት ይፈልጋል። አሰብ ሙቀቱ ለሕፃን አይሆንም፣ የሚሰጡትም አንዲት ክፍል ናት፤ እኔ ለጊዜው ይፋግ፣ ከአባቴ ዘመዶች ዘንድ ልቆይ ነው። ይህን ሁሉ ሰፈሩ ያውቃል፤ ግን ሰው ፊት ለፊት «እናኑ፣ እንዲህ አድርጊ» ለማለት ይሉኝታ ይዞታል። ስለዚህ ማኅደርን ይመክሯታል።

እኔ የነቃሁት ተምር ሲበዛልኝ ነው። በንባቡ መካከል «ሕፃኑ» የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር የሴቶቹ ዓይን መጽሐፉን ትቶ እኔ ላይ ያርፋል፤ እትዬ ዘሀራም ከጉያዋ ተምር አውጥታ በእጄ ታስይዘኛለች። አንድ ቀን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ «እማሆይ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅም ይፋግ ነው የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የሁሉም እጅ ዛላው ላይ ቆመ። የሚያስነጥስ እንኳ ጠፋ። እታለም ከኋላዬ አገጯን አናቴ ላይ አሳረፈችና በለሆሳስ «ግለጪ» አለችኝ፤ ገጹ ግን ገና እኩሌታው ላይ ነበረ።

የይፋግ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ማር አብልተውኛል፣ የጥጃ ስም አውጪ ብለውኛል። ቢሆንም ፈራሁ። የፈራሁት እነሱን ሳይሆን፣ እታለም ሌላ ቦታ እየሳቀች እኔ ሳቋን የማልሰማበትን ቀን ነው። እሷም ፈርታለች፤ ጠጉሯን ስታበጥር መስተዋቱን ትይዝና ሳታይበት ትቆያለች፤ ጌታሁን ሲያፏጭ ከሩቅ ስትሰማ ፊቷ ይበራል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ታያለች።

ቀኑ ደረሰ፤ ጌታሁን በማግስቱ ጠዋት ሊሄድ ነው። በአውቶቡሱ ሁለት ቦታ ይዟል፤ መልሷን ዛሬ ይሰማል። ሊሰማ የመጣውም እኛ ክፍል ሳይሆን ሴቶቹ ክብ ሠርተው ወደተቀመጡበት ነው፤ ወንድ በርበሬ መሐል መቀመጥ ስለማያምርበት የእትዬ ዘሀራን ልጅ ብስክሌት ገልብጦ፣ በአጥሩ ጥግ፣ ያልተበላሸ ጎማ መጠገን ጀመረ። ከመጽሐፉ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። ሴቶቹ ዛሬ ይቅር ያሏት መስሎኛል፤ እሷ ግን ተቀመጠች፣ ዛላ በእጇ አነሣች፣ እኔም ጀርባዬን ጉልበቷ ላይ አስደግፌ ገለጥኩላት።

ማኅደር ባቡር ጣቢያው ደረሰች። ደወሉ ተደወለ። ሰውየው ከባቡሩ መስኮት እጁን ዘረጋ። የብስክሌቱ ጎማ ከወዲያ ጥግ ሲሽከረከር ይሰማኛል። እኔ ዓይኔን ከፊደሉ አልነቀልኩም፤ ከድምፅዋ ትንሽ ቀድሜ እሮጥ ነበር፤ እዚያ ላይ እንዲህ የሚል አየሁ፤ ማኅደር የልጁን እጅ ከእጇ አላቀቀች፤ ወደ ኋላም ሳትመለከት ባቡሩ ላይ ወጣች። ጆሮዬ የሰማው ግን ሌላ ነው። ከራሴ በላይ ያለው ያ ድምፅ፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ «ማኅደር የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ባቡሩ ሄደ» አለ።

ቀና ብዬ አየኋት። እታለም ዓይኗን ጨፍናለች። ጨፍና ታነባለች። ማኅደር ልጁን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ሸንኮራ ገዛችለት፤ በደንገሉ ዳር አለፉ፤ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፉትን ይብራ ወፎች ቆመው አዩ። በዚያ ሞቃት የባቡር ከተማ ሐይቅ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ረጅም ነበር፤ ከአንድ ገጽ የሚበልጥ፣ ከሁለትም የሚበልጥ፤ እኔ ጣቴን የገጹ ጫፍ ላይ አድርጌ ብጠብቅ ብጠብቅ «ግለጪ» አላለችኝም። በመጨረሻ «አለቀ» አለች።

«አለቀ? ወረቀቱ ገና አለ እኮ» አሉ እማሆይ።

«አለቀ ካለች አለቀ ነው፣ እማሆይ» አለች እትዬ ዘሀራ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። ሁሉም ያለቅሱ ነበር፤ ሁሉም «ኤጭ፣ ይኸ የዘንድሮ በርበሬ!» እያሉ። በርበሬ ለሰው እንዲህ ያለ ውለታ ይውላል።

ጎማው ቆመ። ጌታሁን ብስክሌቱን አቃንቶ አጥሩ ላይ አስደገፈ፣ ቧንቧው ዘንድ ሄዶ እጁን ታጠበ፣ ጊዜ ወስዶ ታጠበ። ከዚያ መጥቶ ከፊታችን ቆመና «ደኅና አነበብሽ፣ እናኑ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። እጁን አናቴ ላይ ጫነ፤ ናፍጣው በሳሙና አልለቀቀም ነበር። ሲወጣ የግቢውን በር እንዳይጮኽ አድርጎ ዘጋው። በማግስቱ ሄደ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሰላምታ በሰው ልኮ ነበር፤ በኋላ ጊዜው ተለወጠ፣ አገሩም ሩቅ ሆነ፣ የት እንደደረሰ ሳንሰማ ቀረን። እኔ እስከ ዛሬ ሐይቁ ዳር ናፍጣ ሲሸተኝ ዘወር እላለሁ።

እታለም መጽሐፉን ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ ወዲያ ሲነበብ አልሰማሁም። ያዘነች ሴት አሳደገችኝ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ትስቅ ነበር፤ ከፋብሪካ ስትመለስ ከደጅ ጀምራ ትጣራለች፤ የሰርግ ዘፈን ግጥም አበላሽታ ትዘፍናለች፤ ትምህርቴን ስጨርስ በእልልታ ሰፈር አናጋች። አስቸግሬያት አውቃለሁ፤ አምሽቼ አስጨንቄያታለሁ፤ መልሼ ተናግሬያታለሁ። እንደዚያ በተናደደችባቸው ቀናት እንኳ አንዲት ነገር ከአፏ አልወጣችም። አንድም ቀን «ለአንቺ ስል» አላለችኝም። ወልዶ ያሳደገ ወላጅ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ የሚላትን ቃል፣ እታለም ዕድሜዋን በሙሉ ዋጠቻት። ከሰጠችኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ የተቀበልኩትን ነገር ዋጋውን ሳትነግረኝ ሰጠችኝ።

አሁን እትዬ ዘሀራም እማሆይ ብርቄም በሕይወት የሉም። ግቢው ባለ ፎቅ ሆኗል፤ በርበሬው ተፈጭቶ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ ሰው ለየብቻው፣ በየቤቱ፣ በስልኩ መስኮት ያነብባል፣ ያለቅሳልም ይሆናል፤ የሚያሳብብበት በርበሬ ግን የለውም። በመጽሐፍ ሰው አሳብበው ጎረቤታቸውን በፍቅር የሚመክሩ ሴቶችን ከየት አመጣለሁ? እነሱን ማጣቴን ሳስብ ይቆጨኛል፤ ደርሼባቸው ማለፌን ሳስብ ደግሞ አምላኬን አመሰግናለሁ።

መጽሐፉን ካገኘሁት ወዲህ ማምሻውን በረንዳው ላይ ሆነን ለእታለም አነብላታለሁ። ከመንገዱ የባጃጁ ጩኸት ሲበዛ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሲያስነጥሰኝ ትስቅብኛለች። ትናንት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ደወሉ ተደወለ፣ ሰውየው እጁን ዘረጋ፤ እኔም ያቺን ቦታ ሳያት ቆምኩ፣ ከዚያ ዓይኔን ከገጹ አነሣሁና በቃሌ «ማኅደር የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ባቡሩ ሄደ» አልኩ። ሸንኮራውን ገዛሁለት፣ በደንገሉ ዳር አሳለፍኳቸው፣ ይብራዎቹን አሳየኋቸው። አንዲት ቃል አልረሳሁም። እታለም እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ እስከ ሐይቁ ድረስ ሰማችኝና ፈገግ አለች።

«ሚጢ፣ ሐይቁን ተይው። እዚያ አገር ሐይቅ የለም» አለችኝ።

ለካ ታውቃለች። በእኔ እጅ ላይ የነበረውን ገጽ ማንበቤን ስታውቅ ኖራለች።

የተጻፈውን አነበብኩላት። ማኅደር የልጁን እጅ ከእጇ አላቀቀች፤ ወደ ኋላም ሳትመለከት ባቡሩ ላይ ወጣች። ገጹ አለቀ፤ ከእሱ ወዲያ ያሉት ቅጠሎች ሳይገለጡ እንደ ተጣበቁ ነበሩ። መጽሐፉን ልዘጋው ነበር።

«ግለጪ» አለች እታለም።

ዞሬ አየኋት።

«ግለጪ እንጂ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላነበብሁት። እስቲ ዛሬ እሷ የሄደችበትን እንስማላት፤ እኔ የቀረሁበትንማ ኖሬዋለሁ። ደግ ነበር።»

ገለጥኩ። ከተጣበቀው ቅጠል መሐል የዚያ በጋ በርበሬ ቦነነና ሁለታችንም አስነጠስን።

«ሁላችንንም ይማረን» አለች እታለም፤ እኔም ስለ እትዬ ዘሀራ ሆኜ «አሚን» አልኩና ማንበቤን ቀጠልኩ።